ኮምፒዩተር በደጋ፦ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ላሉ የቤት ተጠቃሚዎች

አንድ ተመራቂ ተማሪ ደባርቅ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፉን እያዘጋጀ ነው እንበል። በጓዳ በኩል እንጀራ እየተጋገረ ነው። አምፖሉ ደብዘዝ ይልና መለስ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም መብራቱ ጨርሶ ይጠፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ ጽሑፉ ያለበት ፋይል ግን አልከፈትም ይላል። የሦስት ወር ድካም በአንድ ቅጽበት ጠፋ ማለት ነው። ለመሆኑ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን ተፈጠረ? አስቀድሞ መከላከልስ ይቻል ነበር?

ስለ ቤት ኮምፒዩተር አያያዝ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው የተዘጋጁት በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩና የኤሌክትሪክ ኃይል እምብዛም ለማይቆራረጥባቸው ሰዎች ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅና በመንገዱ ላይ ያለችው ዳባት ግን የራሳቸው ተፈጥሮና የራሳቸው ችግር አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ለአካባቢው ተጠቃሚዎች ይበጃሉ የምንላቸውን ምክሮች ከነሳይንሳዊ ምክንያታቸው እናቀርባለን። ምክንያቱን የተረዳ ሰው እኛ ያልጠቀስነው ችግር ቢገጥመው እንኳ መፍትሔውን ራሱ ማግኘት ይችላልና።

የአየሩ መሳሳት

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በደባርቅ ከፍታ ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሙቀት መጠናቸው እኩል ቢሆን፣ አንድ ሊትር የደባርቅ አየር ከአንድ ሊትር የጅቡቲ ወደብ አየር ጋር ሲነጻጸር በሞለኪውል ብዛት 30 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ይህ ከኮምፒዩተር ጋር ምን ያገናኘዋል? የኮምፒዩተር ማራገቢያ በየደቂቃው የሚገፋው የአየር ይዘት በደጋም በቆላም ያው ነው። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ መጠነ ቁስ ነው። በባሕር ወለል ላይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር 10 ዲግሪ ሴልሲየስ ሞቆ የሚወጣ ቢሆን፣ በደባርቅ ያንኑ ያህል ሙቀት ለማስወጣት 14 ዲግሪ ያህል መሞቅ ይኖርበታል። እርግጥ የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት ይክሳል። ሆኖም ላፕቶፑን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠን የምንሠራ ከሆነ፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ የውጪው ብርድም አይጠቅመንም። ስለዚህ ላፕቶፕ ምንጊዜም ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀመጥ። ዴስክቶፕም ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።

የአየሩ መሳሳት ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሃርድ ዲስክን ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ማግኔታዊ ሳህኖች በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። መረጃ የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር አብሮት በሚነዳው አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። በራሱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ክፍተት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። አየሩ በሳሳ መጠን ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ሳህኑን ቢነካውስ? መረጃው ይፋቃል።

በዚህም ምክንያት አብዛኞቹ የሃርድ ዲስክ አምራቾች ዕቃቸው እየሠራ ሊወጣበት የሚችለውን ከፍታ 3,048 ሜትር (10,000 ጫማ) ብለው ይወስናሉ። ደባርቅ ከዚህ ወሰን በታች ብትሆንም የቀራት 200 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ግን ወሰኑን ያልፋል፤ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። የጠፋ ሃርድ ዲስክን ይዞ መውጣት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው እዚያ ላይ ማሠራት ነው። ለመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎች ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ማከማቻ ያለው ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ ቢይዙ ይመረጣል። እነዚህ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስለሌላቸው የአየር መሳሳት አያሳስባቸውም። እዚያው ደባርቅ የሚኖርና አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰውም ሃርድ ዲስኩን በኤስ.ኤስ.ዲ. ቢለውጥ አደጋውን ይቀንሳል፤ የማሽኑንም ፍጥነት ይጨምራል።

አንድ ነገር እንጨምር። በአንዳንድ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ላይ ትንሽ የተራራ ሥዕል ከ2000 ሜትር ቁጥር ጋር ታትሞ ይታያል። ዕቃው ደኅንነቱ የተረጋገጠው እስከዚያ ከፍታ ድረስ ነው ማለት ነው። ይህ ከጎንደር ከተማ ከፍታ እንኳ ያነሰ ነው። አየር የኤሌክትሪክ ከለላ ነው፤ ሲሳሳ ግን ብልጭታ በቀላሉ ያቋርጠዋል። ምልክቱን ስላየን ቻርጀሩን መጣል የለብንም። ሆኖም የተሰነጠቀ፣ እርጥበት የነካው ወይም ሽቦው የተላጠ ቻርጀር በደጋ ከሌላው ቦታ ይልቅ አደገኛ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ምጣዱና መብራቱ

በሀገራችን ለቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይወስዳል ብንል፣ በሽቦው የሚያልፈው ከረንት 3,500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ወደ ቤቱ የሚገባው ሽቦ አንድ ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ በኦም ሕግ መሠረት 16 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል። አምፖሉ ደብዘዝ ያለው ለዚህ ነው። ሽቦው ቀጭን፣ መገጣጠሚያውም የላላ ሲሆን ጉድለቱ ይብሳል። ስለዚህ ኮምፒዩተርን ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ፈጽሞ አይገባም።

ኮምፒዩተርን ይበልጥ የሚጎዳው መብራት የሚመለስበት ቅጽበት ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና ምድጃ ሁሉ በአንድነት ይነሣል፤ ቮልቴጁም ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመለስም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ያስፈልጋል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ሳይጀምር የኃይሉንም ሆነ የኔትወርኩን ሽቦ መንቀል ይገባል።

ብዙ ሰዎች ስታቢላይዘርና ዩ.ፒ.ኤስ. አንድ ይመስሏቸዋል። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ ባትሪ ግን የለውም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩ.ፒ.ኤስ. ግን ባትሪ አለው። በትናንሾቹ ውስጥ የተለመደው 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። 150 ዋት ለሚወስድ ዴስክቶፕ ይህ በስሌት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይመስላል፤ በተግባር ግን በብክነት ምክንያት ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። የዩ.ፒ.ኤስ. ዓላማም ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ፋይልን አስቀምጦ ኮምፒዩተርን በሥርዓት ለመዝጋት ነው። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው ሰው ዩ.ፒ.ኤስ. አብሮ ገዝቷል ብንል ከእውነት አንርቅም።

የተማሪው ፋይል የተበላሸበትም ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። እየጻፍነው ያለ ነገር የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ ሁሉን በሚረሳው ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ውስጥ ነው። ፋይል ስናስቀምጥ ጽሑፉ ወደ ዲስኩ ይገለበጣል፤ የት ቦታ እንደተቀመጠ የሚያሳየው ማውጫም ይታደሳል። መብራት በዚህ መካከል ከጠፋ አንዱ ተጽፎ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ በአንድ ፋይል ላይ ብቻ መደራረብ ግን አይበቃም። በየቀኑ ቀኑን የያዘ አዲስ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ የዛሬው ቢበላሽ የትናንቱ እንዲተርፍ ያደርጋል።

አቧራ፣ ጢስና ጤዛ

በበጋ ከመንገድ የሚነሣው አቧራና ከምድጃ የሚወጣው ጢስ በማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ ተጣብቀው እንደ ብርድ ልብስ ይሆናሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶና ሶኬቱን ነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። በአፍ መንፋት ግን ምራቅና እርጥበት ያስገባል።

ሌላው የደጋ ጠላት ጤዛ ነው። በብርዳም ማለዳ ከውጪ የገባ ላፕቶፕ፣ ጀበና ወደተጣደበት ሞቅ ያለ ቤት ሲደርስ በቤቱ ያለው የውኃ ተን በቀዝቃዛው አካሉ ላይ ይጠላል፤ መነጽር ያደረገ ሰው ሲገባ መስተዋቱ እንደሚሸፈነው ማለት ነው። ጤዛው በወረዳዎቹ ላይ እያለ ኃይል ከተለቀቀ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ላፕቶፑን ሳይከፍቱ ከነቦርሳው አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል።

ከጽሕፈት ቤት የሚመጣ ፍላሽ

ወረቀት ለማሳተም ወደ ጽሕፈት አገልግሎት የሚወሰድ ፍላሽ ብዙ እጅ ከነካው ኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል። ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው አቋራጮች ብቻ የሚታዩ ከሆነ ቫይረስ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ መቸኮል አይገባም፤ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል እንጂ። አቋራጮቹን ሳይነኩ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ፣ ከዚያም የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለማሳተሚያ ብቻ የሚሆን ለብቻው የተለየ ፍላሽ መያዝና በእርሱም የሚታተመውን የፒ.ዲ.ኤፍ. ቅጂ ብቻ መውሰድ ነው።

ማሽን ይተካል፣ መረጃ ግን አይተካም

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአካባቢው የሚደርሰውን ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። እንዲህ ያለ መረጃ ቢጠፋ ያለፈን ዓመት ተመልሶ መመዝገብ አይቻልም። የአንድ ቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የሟች አያት ድምፅ፣ የአንድ ተማሪ የመስክ ማስታወሻም እንዲሁ ነው።

የዘርፉ ባለሙያዎች የሚመክሩት መመሪያ አጭር ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም ከቤት ውጪ። ሦስት መሆኑ ለምን እንዳስፈለገ የአካባቢያችን የቅርብ ታሪክ ያስረዳናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። በእንዲህ ያለ ቀን ዴስክቶፕ ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው አይኖርም፤ ፍላሽ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ቅጂም አይዘረፍም። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ ፋይሉ ሳይጠፋ ተለይቶታል። እንግዲህ አንዱ ቅጂ የሌላውን ድካም ይሸፍናል፤ አንዱን ብቻ ማመን ግን አይቻልም።

ቅጂው የሚነበብ መሆኑንም ማረጋገጥ ያሻል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድን በማይከተሉ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። እነዚህን ፎንቱ ያለው ኮምፒዩተር እስካለ ድረስ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባል።

ከላይ ያነሣናቸው ምክሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ሶኬት መንቀል፣ አምስት ደቂቃ መታገሥ፣ ላፕቶፑን ከጋቢው ማንሣት፣ ለፋይሉ አዲስ ስም መስጠት የልማድ ጉዳይ ናቸው። ውድ አንባብያን፣ ይህን መጽሔት ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ኮምፒዩተራችሁ ዛሬ ማታ ባይነሣ የምታጡት ፋይል የትኛው ነው? መልሱን ስታገኙ መጀመሪያ የዚያን ፋይል ቅጂ አዘጋጁ።