ሣጥኑ ጠንካራ፣ የቁልፍ አያያዛችን ልል፦ የይለፍ ቃልና የስልክ ገንዘባችን



ቡሬ ገበያ በርበሬያቸውን ሸጠው የጨረሱ አባት ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ ሲያቀብሉ ማየት የተለመደ ነው። «ልጄ፣ ይችን ፍኖተ ሰላም ላክልኝ፤ ሚስጥር ቁጥሩ እንዲህ ነው» ይላሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። እኛም አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ የእናት የአባታቸውን ሚስጥር ቁጥር በቃላቸው የያዙ ብዙ ተማሪዎች ነበሩን።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ ገጠር ድረስ ዘልቋል። ወጣቶቻችን ደግሞ ከዚህ አልፈው ወደ ክሪፕቶ ገብተዋል። በ2016 ዓ.ም. በቴሌግራም ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት ሲነካኩ ያልከረመ ወጣት ጥቂት ነው። የአባትየውና የልጁ ገንዘብ ዓይነቱ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ሌባ የሚገባበት በር አንድ ነው፤ እሱም የባለቤቱ የቁልፍ አያያዝ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ባለ ስድስት አኃዝ ሚስጥር ቁጥር 1,000,000 አማራጭ አለው። የልደት ቀናችንን፣ ወራችንንና ዓመታችንን ካደረግነው ግን የ50 ዓመት ቀናት ተቆጥረው 18,000 ገደማ ብቻ ይቀራሉ። ለሚያውቀን ጎረቤት ደግሞ ሁለት ሦስት ሙከራ ይበቃዋል። 123456 ያደረገውማ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደተኛ ሰው ነው።

የክሪፕቶ ዋሌት ሲከፈት ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣሉ። ዋሌቱን መልሶ የሚከፍቱት እነዚህ ናቸው። በብዛት የሚሠራበት ዝርዝር 2,048 ቃላት ያሉት ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጡት 12 ቃላት ከ1 ቀጥሎ 38 ዜሮ ከሚጻፍለት ቁጥር በላይ አማራጭ አላቸው። ይህን በግምት የሚደርስበት ኮምፒውተር የለም። ታዲያ ሌባው ለምን ይገምታል? ወጣቱ ራሱ ቃላቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራሙ ላይ አስቀምጦለታል። ከዚያ አንድ ቀን በጓደኛ ስም «ውድድር ላይ ነኝ፣ የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ኮዱን የላከ ዕለት አካውንቱም፣ ፎቶውም፣ ገንዘቡም ተያይዘው ይሄዳሉ። የተሰበረ ሣጥን የለም፤ ቁልፉን ያቀበለው ባለቤቱ ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በስልክ ገንዘብ የተሰረቀ ሰው ደውሎ የሚያሳግድበት ተቋም አለው። ራሱ በያዘው ዋሌት ክሪፕቶ የተወሰደበት ግን የሚመልስለት የለም። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ ተበዳዩ አቤት ለማለትም ይቸገራል። ቁልፉን የጣለም ዕጣው ያው ነው። በጀርመን የተወለደው ፕሮግራመር ስቴፋን ቶማስ 7,002 ቢትኮይን የሚከፍትበትን ቁልፍ በአንድ የተቆለፈ ፍላሽ ውስጥ አስቀምጦ የፍላሹን የይለፍ ቃል የጻፈበት ወረቀት ጠፋበት። ፍላሹ የሚፈቅደው 10 ሙከራ ብቻ ነው። ታሪኩ በ2013 ዓ.ም. ለዓለም ሲሰማ ስምንቱን ጨርሶ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሚስጥር ቁጥር የልደት ቀን፣ የስልክ ቁጥር ወይም ተከታታይ አኃዝ አይሁን። አንዱን የይለፍ ቃልም ለሁሉም አንጠቀም፤ አንዱ ሲታወቅ ሁሉም ይከፈታልና።

ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን እናብራ። ያን ጊዜ ኮዱ ብቻውን አካውንቱን አይከፍትም። በስልካችን የሚመጣ ኮድ ለማንም፣ ለወንድምም ቢሆን፣ አይሰጥም። የጠየቀንን ሰው ደውለን ድምፁን እንስማ።

ሦስተኛ፣ የዋሌት ቃላት ፎቶ አይነሱም። በወረቀት ተጽፈው ሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጡ።

አራተኛውና ለእኛ አገር ከባዱ ወላጆቻችንን የሚመለከት ነው። በገጠራችን ቁጥርን ከዘመድ መደበቅ አለማመን ይመስላል። ቁጥሩን የሚያውቁ ሰዎች ሲበዙ ግን ገንዘብ በጎደለ ቀን ንጹሑም ሌባውም አብረው ይጠረጠራሉ፤ ስንት ቤተሰብ በዚህ ተቀያይሟል። ስለዚህ ልጆች፣ ስልኩን ተቀብላችሁ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ስትደርሱ ለአባታችሁ መልሱላቸው፣ ፊታችሁንም ዞር አድርጉ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ ስድስቱን ቁልፎች በቦታቸው ለይተው መንካት በአንድ ከሰዓት ይለምዳሉ። ይህን ማስተማር የእናንተ ድርሻ ነው፤ የተሰጣችሁን አማና የምትጠብቁትም በዚህ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ የራሳችንንም የወላጆቻችንንም ሚስጥር ቁጥር እንቀይር።