አንዱን ውሻ ማዳን፣ መንገዱን ማዳን

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች ከሌላ አገር ጎዳና የተነሣ ባለቤት አልባ ውሻ አስመጥተው ያሳድጋሉ። ከሩማንያ ወደ ብሪታንያና ወደ ጀርመን የሚጓዙት ውሾች የታወቁ ምሳሌ ናቸው። ርኅራኄው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የአንድን በጎ ሥራ ሥነ ምግባራዊነት ለመመዘን ማን እንደሚጠቀምና አደጋውን ማን እንደሚሸከም አብሮ መመርመር ይገባል።

በቅድሚያ አደጋውን እንመልከት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል። በዚህ ጊዜ የውሻውን መያዝ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ምርመራ ስለሌለ፣ ጤነኛ መስሎ ድንበር ሊሻገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአዘርባጃን ወደ አሜሪካ ከገቡ 33 ውሾች አንዱ በበሽታው ተይዞ ተገኝቷል። አደጋው የሚደርሰው በአሳዳጊው ላይ ብቻ ሳይሆን ፈቃዱን ባልተጠየቀው ጎረቤትም ላይ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በሽታው ከሚያሰጋባቸው ከ100 በላይ አገሮች ውሾች እንዳይገቡ በጊዜያዊነት አግዳ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የስሌት ነው። የጎዳና ውሾችን ብዛት ውኃ በሚገባበትና በሚወጣበት ገንዳ እንመስለው። አንድ ባልዲ ብንቀዳ፣ ቧንቧው እስካልተዘጋ ድረስ ገንዳው መልሶ ይሞላል። እዚህ ላይ ቧንቧው የውሾቹ መራባትና ባለቤቶች የሚጥሏቸው ውሾች ናቸው፤ የገንዳውን ልክ የሚወስነው ደግሞ በየመንገዱ የሚገኘው ምግብ ነው። ስለዚህ የተወሰደው ውሻ ይድናል፤ የቀሩት ግን እንደነበሩ ናቸው።

ክትባት ግን የቀሩትንም ይደርሳል። አንድ የታመመ ውሻ በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከ2 ለማይበልጡ ውሾች ነው። እንግዲያው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከተከተቡ፣ እያንዳንዱ በሽተኛ ከአንድ ያነሰ ተተኪ ስለሚያገኝ ሰንሰለቱ ይመነምናል። በዘመቻዎች መካከል የተከተቡት ስለሚሞቱና ያልተከተቡ ቡችሎች ስለሚወለዱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት 70 በመቶ እንዲከተቡ ይመክራል። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው።

ታዲያ ውሻን ከባሕር ማዶ ማምጣት ነውር ነውን? አይደለም፤ ለዚያ አንድ ውሻ ሕይወቱ ሙሉ ዓለም ናትና። ነገር ግን በቅድሚያ ሊከተብና የሚጠበቅበትን ጊዜ ሊቆይ፣ ጠባዩም ለቤት ኑሮ የሚስማማ መሆኑ ሊታይ ይገባል። ከዚህም በላይ አዳኙ በተነሣበት መንገድ ለሚካሄደው የክትባትና የማምከን ሥራ ድርሻውን ቢያዋጣ፣ ርኅራኄው ዓይኑ ያላያቸውንም ውሾች፣ በዚያ መንገድ የሚመላለሱትንም ሕፃናት ይደርሳል።