በሳቅ የሚታይ የካራቴ ትምህርት ቤት

ከ2011 እስከ 2015 ድረስ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ አገር በዲዝኒ ኤክስ ዲ ቴሌቪዥን «ኪኪን ኢት» የተባለ የልጆች አስቂኝ ትያትር ይታይ ነበር። ነገሩ የሚፈጸመው በሱቆች መደዳ መካከል ባለ አንድ የካራቴ ትምህርት ቤት ነው። ቤቱም በቦቢ ዋሳቢ ስም ከተቋቋሙት ሁሉ የደከመው ነው። ጥበቡን ከአያቱ የተማረ ጃክ የሚባል ብላቴና ሲመጣ ግን ተስፋ ያገኛል።

ጃክን ሆኖ የሚጫወተው ሊዮ ሃዋርድ ካራቴን በእውነት የተማረ ነው፤ በ16 ዓመቱም ከትያትሩ አንዱን ክፍል ራሱ አዘጋጅቷል። እንግዲህ ርግጫው የሠለጠነ ሰው ርግጫ ስለ ሆነ፣ በታናሽ ወንድሙ ላይ ሊሞክረው የሚነሣ ልጅ ያለው ወላጅ አጠገቡ ቢቀመጥ መልካም ነው።

መምህሩን ሲፈራ ላደገ አባት ግን የሚከብደው ርግጫው አይደለም። መምህሩ ሩዲ ከተማሪዎቹ ይልቅ ልጅ ነው፤ ይመካል፣ ይሳሳታል፣ ይሣቅበታልም። ይህ ልጆችን ድፍረት ያስተምራል ብዬ ተቀይሜ ነበር። ነገር ግን ከሁሉ የበረታው ጃክ ከዚሁ ደካማ መምህር ዘንድ ይቀመጣል፤ ኪም የምትባለውም ልጅ ጥቁር ድራጎኖች የተባሉትን ብርቱዎች ትታ ወደዚያው ትመጣለች። ቅያሜዬም በዚህ ቀለለ፤ ልጆቼ እኔን ሩዲ ብለው እንዳይጠሩኝ ግን አስጠንቅቄአቸዋለሁ።