ክሮኖስ ኳርቴት፦ አዲስ ሙዚቃ የማስጻፍ ግማሽ ምዕተ ዓመት

በምዕራባውያን የረቀቀ ሙዚቃ ትውፊት «የአውታር ኳርቴት» የሚባለው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚጫወቱ አራት ባለሙያዎች ያለ መሪ የሚያቆሙት ቡድን ሲሆን፣ ስያሜው ለቡድኑም ሆነ ለእንዲህ ያለ ቡድን ተብሎ ለሚጻፈው ድርሰት ያገለግላል። ቪዮላ ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ፣ በድምፁም ወፈር ያለ መሣሪያ ነው፤ ቼሎ ደግሞ ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል የሚይዘው፣ የሌሎቹን ድምፅ ከሥር የሚሸከም ነው። ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሃይድን በ18ኛው መቶ ዘመን መልክ ያስያዘው፣ ከእሱም በኋላ ሞዛርትና ቤትሆቨን እጅግ የጠለቀ ሐሳባቸውን ያሳደሩበት ይህ ቅርጽ 20ኛው መቶ ዘመን ሲጋመስ በአመዛኙ ያለፉትን ሊቃውንት ሥራ የሚጠብቅ ሆኖ ነበር፤ በሕይወት ያለ ደራሲ ሥራ በዝግጅት መርሐ ግብር ውስጥ ቢገባ እንኳ በሁለት የታወቁ ድርሰቶች መካከል ተሸጉጦ ነበር። እንደ ሩዶልፍ ኮሊሽ ኳርቴት ለእነ አርኖልድ ሾንበርግና ለእነ ቤላ ባርቶክ የቆሙ ቡድኖች ቀደም ሲልም ስለነበሩ፣ በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ የተመሠረተውን ክሮኖስ ኳርቴት በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ነው ማለት አይቻልም። ልዩ የሚያደርገው የዘመኑን ሙዚቃ የዝግጅቱ ማጣፈጫ ከማድረግ አልፎ መላ ሥራው ማድረጉ ነው።

የቡድኑ መሥራች ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴቪድ ሃሪንግተን ሲሆን፣ ለምሥረታው ምክንያት የሆነውም በሬዲዮ የሰማው አንድ ድርሰት ነው። ይህም አሜሪካዊው ጆርጅ ክራም በ1970፣ የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት የጻፈው «ብላክ ኤንጅልስ» ነበር። ድርሰቱ የአራቱ መሣሪያዎች ድምፅ በኤሌክትሪክ ማጉያ እንዲያልፍ የሚያዝ ሲሆን፣ ሲጀምር ቫዮሊኖቹ እጅግ በቀጠነ ድምፅ እየተንቀጠቀጡ የነፍሳት መንጋ የወረረ ያህል ጆሮን ይሰነጥቃሉ። ተጫዋቾቹ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ነሐስ ይመታሉ፤ በአንደኛው ክፍል ደግሞ ቼሎው ብቻውን ሲያዜም ሦስቱ ጓደኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ ውኃ በልክ የተሞላባቸውን የክሪስታል ብርጭቆዎች አፍ በደጋናቸው እየፈተጉ ያጅቡታል። ከሹበርት የተወሰደው የኀዘን ዜማ ሲመጣም ደጋኑ ከተለመደው ቦታው ተነሥቶ ከግራ እጅ ጣቶች በላይ፣ ወደ ማጥበቂያው በኩል ስለሚሳብ፣ የሚወጣው ድምፅ ከሩቅ ዘመን እንደመጣ ሁሉ የሳሳና የገረጣ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ቡድን ለማግኘት ሃሪንግተን ራሱ ማቋቋም ነበረበት።

አጀማመሩ በገንዘብ ረገድ እጅግ ቀጭን ነበር፤ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ድርሰት ያዘዘው ከሃሪንግተን የቀድሞ መምህር ከኬን ቤንሹፍ ሲሆን፣ «ትራቭሊንግ ሚዩዚክ» ለተባለው ለዚህ ሥራ የተከፈለው ዋጋም አንድ ከረጢት ዶናት ነበር። ቡድኑ በኒው ዮርክ ግዛት ጥቂት ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ። ሁለተኛው ቫዮሊን ጆን ሸርባ፣ ቪዮላው ሃንክ ደት እና ቼሎዋ ጆአን ዣንረኖ ከሃሪንግተን ጋር የተገናኙትም በዚያው ዘመን ሲሆን፣ እነዚህ አራቱ እስከ 1999 ድረስ ሳይለያዩ ሠርተዋል። አራት ሰዎች በየቀኑ ተፋጠው ስለ አንድ ድምፅ ውፍረትና ቅጥነት በሚከራከሩበት ሙያ ከ20 ዓመት በላይ አብሮ መዝለቅ በራሱ ትልቅ ክንዋኔ ነው።

ለደራሲ አስቀድሞ ክፍያና የመድረክ ዋስትና ሰጥቶ አዲስ ሥራ ማስጻፍ በምዕራቡ ዓለም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ድሮ የመሳፍንትና የአብያተ ክርስቲያናት፣ ኋላም የኦርኬስትራዎችና የተቋማት ድርሻ ነበር። ክሮኖስ ይህን ሥልጣን በአራት ተጫዋቾች እጅ አስገባው፤ ቡድኑ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተቋቁሞ፣ የሚሰበስበውን ድጋፍ በዋነኛነት ድርሰት ለማስጻፍ ስለሚያውለው፣ እስካሁን በትእዛዙ የተጻፉትና ለእሱ የተቀናበሩት ሥራዎች ከ1,000 በልጠዋል። ከብዛቱ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን ትእዛዙ በደራስያኑ ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። ቴሪ ራይሊ ከቡድኑ ጋር በሚልስ ኮሌጅ በተገናኘበት ጊዜ በቅጽበት ፈጠራና በሕንድ ዜማ ተመስጦ፣ ድርሰትን በኖታ መጻፍ ትቶ ነበር። የሃሪንግተን ያልተቋረጠ ውትወታ ወደ ኖታ መለሰውና «ሳሎሜ ዳንስስ ፎር ፒስ»ን የመሰለ ረጅም ሥራ ተገኘ፤ በ2002 ደግሞ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ መንኮራኩሮች ከፕላኔቶች አካባቢ የቀዱትን ድምፅ ከኳርቴት ጋር ያዋሐደው «ሰን ሪንግስ» ተከተለ። እነዚህ ሥራዎች በደራሲው ጠረጴዛ ላይ ተጽፈው ተጫዋች ሲጠብቁ የቆዩ አይደሉም፤ ጠያቂ ባይኖር ኖሮ ጨርሶ ባልኖሩም ነበር።

ከትእዛዞቹ ሁሉ ከፍ ያለ ስፍራ ሊሰጠው የሚገባው ስቲቭ ራይክ በ1988 የጻፈው «ዲፈረንት ትሬንስ» ነው። የራይክ ወላጆች ተለያይተው ስለነበር፣ ከ1939 እስከ 1942 ድረስ ሕፃኑ ከሞግዚቱ ጋር በባቡር ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ ይመላለስ ነበር። አድጎ መለስ ብሎ ሲያስበው፣ አይሁዳዊ እንደ መሆኑ በእነዚያው ዓመታት በአውሮፓ ቢኖር ኖሮ የሚሳፈርበት ባቡር ሌላ በሆነ ነበር። ስለዚህ የሞግዚቱን፣ የአንድ ጡረተኛ የባቡር አስተናጋጅንና ከናዚዎች እልቂት የተረፉ ሰዎችን ቃል በቴፕ ሰብስቦ፣ ከየንግግሩ አጫጭር ሐረጎችን ቆርጦ፣ የእያንዳንዱን ሐረግ መውጣትና መውረድ እንደ ዜማ በኖታ አሰፈረው። ሴት ስትናገር ቪዮላው፣ ወንድ ሲናገር ቼሎው ያንኑ ንግግር ይደግመዋል፤ ሌሎቹ የመንኮራኩር ምት እየመቱ ሲገሰግሱ፣ በአሜሪካው ክፍል የባቡር ፉጨት የነበረው ድምፅ በአውሮፓው ክፍል ሳይረን ይሆናል። በመድረክ ላይ አራት ሰዎች ብቻ ቢታዩም ክሮኖስ አስቀድሞ የቀዳቸው ሌሎች የኳርቴት ድምፆች ከቴፑ ስለሚጨመሩ፣ አድማጩ የሚሰማው የብዙ አውታሮችን ርብርብ ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ አዛኝ ዜማ የለም፤ ምስክሮቹ ይናገራሉ፣ አውታሮቹም ቃላቸውን ይሸከማሉ። ስለዚያ እልቂት ከተጻፉት የሙዚቃ ሥራዎች በዚህ ልክ የታመነ ማግኘት ያዳግታል።

ቡድኑ ጆሮውን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭ ማቅናቱ ሌላው ገጹ ነው። በ1992 የወጣው «ፒስስ ኦፍ አፍሪካ» የሱዳናዊው ሐምዛ ኤልዲን፣ የዚምባብዌው ዱሚሳኒ ማራይሬ፣ የጋናው ኦቦ አዲና የሌሎች አፍሪካውያን ደራስያን ሥራዎች የተሰበሰቡበት አልበም ሲሆን፣ በአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት የክላሲካልና የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዦች ላይ በአንድ ጊዜ መሪነቱን ይዟል። በ2009 የታተመው «ፍለድፕሌን» ደግሞ የኢትዮጵያዊውን የበገና መምህር የዓለሙ አጋን «ተው ስማኝ አገሬ» በጄኮብ ጋርቺክ ቅንብር ይዞ ወጥቷል። በገና ከእያንዳንዱ አውታር ሥር በምትገባው የቆዳ ቁራጭ በእንዝራው አማካይነት የሚያሰማው ርዝራዥ ያለው እርግብግብታ በቫዮሊን ቤተሰብ ውስጥ አቻ የለውም፤ የመንፈሳዊ ተመስጦ መሣሪያ የሆነውን ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ማሸጋገርም ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነው። የሆነ ሆኖ ዜማው ስም የለሽ «የሕዝብ ሙዚቃ» ተብሎ ሳይታለፍ በባለቤቱ ስም፣ ከሌሎች ሕያዋን ደራስያን እኩል መቅረቡ ሊመሰገን ይገባል።

ለቡድኑ ነቀፋም አልቀረለትም። በቀለማት መብራት መታጀቡ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ መተዉ፣ የሮኩን ጂሚ ሄንድሪክስ ዘፈን መጫወቱ ጥበብን ለገበያ ማቅረብ ተደርጎ ተወስዶበታል። በ1974 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው አርዲቲ ኳርቴት እጅግ አስቸጋሪ የሆኑ የአውሮፓ ድርሰቶችን ያለ አንዳች ማስዋቢያ ሲያቀርብ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ክሮኖስ የሚመርጣቸው ሥራዎች ጥራትም አንድ ወጥ አይደለም። ነገር ግን መብራቱን የነቀፉ ሁሉ አዳራሹን የሞላው ወጣት አድማጭ የሄንድሪክስን ዘፈን ሊሰማ መጥቶ ክራምን ሰምቶ መመለሱን በሚዛናቸው ላይ አላስቀመጡትም።

ዣንረኖ ከሄደች ወዲህ የቼሎው ወንበር በተደጋጋሚ ባለቤት ቀይሯል፤ ሸርባና ደትም በ2024 በጡረታ ተሰናብተው፣ ከጥንቶቹ አራት ሃሪንግተን ብቻ ቀርቷል። ቡድኑ በ2015 የጀመረው «ፊፍቲ ፎር ዘ ፊውቸር» የተባለው ፕሮጀክት ከልዩ ልዩ አገሮች ደራስያን ለወጣት ኳርቴቶች መለማመጃ የሚሆኑ 50 ሥራዎችን ያስጻፈ ሲሆን፣ የሁሉም ኖታ ከክሮኖስ ቅጂ ጋር በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል። በአዲስ አበባው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ስፍራ ቫዮሊን፣ ቪዮላ ወይም ቼሎ የሚማሩ ወጣቶች ሦስት ጓደኞች ፈልገው ከእነዚህ ድርሰቶች አንዱን ቢሞክሩ፣ የዘመኑን ሙዚቃ ከማንም ሳይበደሩ በራሳቸው እጅ ያገኙታል።