ስለ ተራኪ አንደበትና ስለ ኀላፊነቱ

በሰው ልጅ ኑሮ ውስጥ ሁለት ዐይነት ሥራ አለ። አንደኛው ነገሩን መሥራት ነው፤ ሁለተኛውም የተሠራውን ለሌላው መንገር ነው። ሠሪው ቢደክምና ላቡን ቢያፈስም የሥራው መልክ በሰው ልቡና ተስሎ የሚቀረው ተራኪው እንደ ነገረው ነው። አንድ ሰው ወድቆ ቢነሣ፥ ተራኪው «ወደቀ» ብሎ ቢያቆም የመውደቁ ወሬ ብቻ ይቀራል፤ «ወድቆ ተነሣ» ቢል ግን ያው ሰው የብርታት ምሳሌ ይሆናል። ስለዚህ የሌላውን ሰው ጉዳይ በብዕሩ የሚያትት ሹም፥ የቀደሙትንም ሰዎች ታሪክ ለሕዝብ የሚያስረዳ ካህን፥ በእጃቸው የያዙት ነገር ቀላል እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

ይህ የቆየ እውነት ብዙ ሰው የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ በሚንቀው በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ እንኳ በግልጽ ይታያል። ነገሩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የጨዋታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱ ወገን ሥዕሉ ከጎን የሚታይና ተጫዋቹ ወደ ፊት በገፋ ቍጥር አገሩ ሁሉ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚያልፍ ነው። የብራና ጥቅልል በአንድ ወገን እየተፈታ በሌላው ወገን ሲጠቀለል ጽሕፈቱ በዐይን ፊት እንደሚያልፍ፥ እንዲሁ ገደሉ፥ ግንቡ፥ ጠላቱም በመስተዋቱ ላይ ተራ በተራ ይመጣል። የተጫዋቹም ሥራ መሮጥ፥ መዝለልና መዋጋት ነው። በ1981 ዊልያምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ዲፌንደር ከዚህ ወገን ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ በ1985 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስም ይህን አሠራር በዓለም ሁሉ አስታወቀው።

በዚያን ጊዜ ጨዋታው ዜማ ነበረው እንጂ ተራኪ አልነበረውም። ምክንያቱም የቦታ ጥበት ነው። የሱፐር ማሪዮ ሥዕሉም፥ ሕጉም፥ ዜማውም ተጠቃሎ የተቀመጠበት መጠን 40 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነበረ፤ ይህም እንደ ስልክ ድምፅ ላለ ንግግር እንኳ ከጥቂት ሰኮንድ በላይ አይበቃም። ኋላ ግን ከ600 ሺህ ኪሎባይት በላይ የሚይዘው ሲዲ ለጨዋታ በዋለ ጊዜ የሰው አንደበት በሰፊው ወደ ጨዋታው ገባ።

አንደበት ከገባ ዘንድ ተራኪው ማን ይሁን የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። በ2003 የወጣው ፕሪንስ ኦፍ ፐርሽያ፥ ዘ ሳንድስ ኦፍ ታይም የተባለው ጨዋታ ከጎን የሚታይ ባይሆንም ለዚህ ጥያቄ ብልህ መልስ ሰጥቷል። በእርሱ ውስጥ የደረሰበትን ሁሉ የሚነግረው ራሱ ልዑሉ ነው፤ ተጫዋቹ ተሳስቶ ልዑሉን ገደል የጣለው እንደ ሆነ ተራኪው ነገሩ እንዲህ እንዳልነበረ ተናግሮ ትረካውን ያርማል። በ2013 የወጣው ዘ ስታንሊ ፓራብል ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ። ሁለት በር ካለበት ስፍራ ሲደረስ ተራኪው ስታንሊ በግራው በር ገባ ይላል፤ ተጫዋቹ ግን ደስ ካለው በቀኙ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ተራኪው ይገረማል፥ ይለማመጣል፥ ይቈጣልም። እንዲህ ያለው ተራኪ፥ ተራኪ መሆኑን ራሱ የሚያውቅና ማወቁንም የማይሸሽግ ነው።

ከጎን ከሚታዩት ጨዋታዎች መካከል ራሱን በሚያውቅ ተራኪ የታወቀው ባትልብሎክ ቲያትር ነው። ያወጣውም በ2013 በካሊፎርንያ የሚገኘው ዘ ቢሂሞዝ የተባለ ኩባንያ ነው። ታሪኩ ሐቲ ሐቲንግተን ከሚባል፥ የሁሉ ወዳጅ ከሆነ ሰው ጋራ በመርከብ ስለ ሄዱ ባልንጀሮች ነው። ማዕበል መርከባቸውን ሰብሮ ወደ አንዲት ደሴት ይጥላቸዋል፤ በዚያም ድመቶች ይማርኳቸውና እሾህና ወጥመድ በሞላበት ቲያትር እየዘለሉ እንዲያዝናኗቸው ያስገድዷቸዋል። ተጫዋቹም ከምርኮኞቹ አንዱ ይሆናል።

የዚህ ጨዋታ ተራኪ ድምፁን የሰጠው ዊል ስታምፐር ነው። ተራኪው ታሪኩን እየነገረ በታሪኩ ይስቃል፤ ተጫዋቹ በተሳሳተም ጊዜ ይዘልፈዋል፥ ያላግጥበታልም። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ዘለፋው ከቲያትሩ ጋራ የተስማማ ሆኖ ይገኛል፤ ምርኮኛው በድመቶቹ ፊት መሳቂያ እንደ ሆነ፥ ተጫዋቹም በተራኪው ፊት መሳቂያ ይሆናልና። ተጫዋቹ ይህን ሰምቶ ከማዘን ይልቅ ይስቃል፤ ተራኪው ቀልድ መሆኑን አልሸሸገውምና። ፊት ለፊት የሚቀልድ ሰው አይጐዳም፤ የሚጐዳውስ ዘለፋውን እውነተኛ ምስክርነት አስመስሎ የሚያቀርበው ነው።

ከዚህ በፊት በ2012 ግን ሌላ ዐይነት አንደበት ተሰምቶ ነበር። ማይክ ቢዝል የተባለው እንግሊዛዊ በ2010 በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የጀመረውን ትንሽ ጨዋታ አስፋፍቶ ቶማስ ዎዝ አሎን፥ ማለትም «ቶማስ ብቻውን ነበረ» በሚል ስም አወጣው። የጨዋታው ሰዎች ፊት የላቸውም፤ እጅና እግርም የላቸውም። ቀለም የተቀቡ አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። በታሪኩ መሠረት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሳሉ ራሳቸውን ያወቁ ሰው ሠራሽ አእምሮዎች ናቸው። ንግግርም የላቸውም፤ የልባቸውን አሳብ ሁሉ የሚነግርላቸው አንድ ተራኪ ነው፤ እርሱም ደራሲው ዳኒ ዋላስ ነው።

ቶማስ ቀይና መጠነኛ ነው፤ ያየውን ሁሉ የሚመረምር ነው። ክሪስ አጭር ነው፤ ከፍ ብሎ መዝለል ስለማይችል ያጕረመርማል። ጆን ረዥምና ቢጫ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ስለሚዘል ይታበያል። ክሌር ሰማያዊና ግዙፍ ናት፤ መዝለሉ አይሆንላትም፤ ነገር ግን ሌሎቹን በሚያጠፋው ውሃ ላይ እርስዋ ትንሳፈፋለች፤ ስለዚህም ራስዋን እንደ ጀግና ትቈጥራለች። ላውራ ጠፍጣፋ ናት፤ ሌሎቹ በላይዋ ሲያርፉ ወደ ላይ ትወረውራቸዋለች፤ የተጠቀሙባትም ትተዋት ይሄዳሉ ብላ ትፈራለች። ጄምስ ሌላው ወደ ታች ሲወድቅ ወደ ላይ የሚወድቅ ነው፤ ስለዚህም ልዩነቱ መሳለቂያ ሆኖበት ኖሯል። ሣራ ደግሞ በአየር ላይ ሳለች ሁለተኛ ትዘላለች።

ጨዋታው መቶ ደረጃዎች አሉት። በየደረጃው መጨረሻ ለእያንዳንዱ እንደ መልኩ ልክ የተሠራ ስፍራ ተዘጋጅቶለታል፤ በዚያ የተገኙት ሁሉ የየራሳቸውን ስፍራ ካልያዙ በቀር ደረጃው አይፈጸምም። ብርቱው ቀድሞ ቢደርስ ብቻውን አያልፍም። ረዥሙ ለአጭሩ መሰላል ይሆናል፤ ውሃ የማይጐዳት ውሃ የሚያጠፋቸውን ተሸክማ ታሻግራለች፤ ተገልብጦ የሚሄደውም ሌላው ያልቻለውን ያደርጋል። ተጫዋቹ ቢሳሳትና አንዱ ቢጠፋ ተራኪው አይዘልፈውም፤ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ገና ይጀምራል። በታሪኩም ፍጻሜ ቶማስና ባልንጀሮቹ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት በችሎታቸው እንዲጠቀሙ ሲሉ ራሳቸውን አሳልፈው ይሰጣሉ።

ይህን ሁሉ በተመስጦ የሚከታተል ተጫዋች ክሪስ ለላውራ ያለውን ፍቅር አይቶ ልቡ ይነካል። ሆኖም በመስተዋቱ ላይ ያለው ትንሽ ብርቱካናማ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥም የቁመቱ፥ የወርዱና የዝላዩ መጠን የተጻፈበት ቍጥር ነው። ልብ የሰጠው የቢዝል ጽሕፈትና የዋላስ ድምፅ ነው። ስለዚህም በ2013 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚ ለጨዋታዎች ከሚሰጠው ሽልማት የተዋናይነቱን ሽልማት ለዳኒ ዋላስ መስጠቱ የተገባ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፥ ከጸሐፊውና ከተናጋሪው ሌላ ሦስተኛ ሠሪ አለ፤ እርሱም የሰሚው ልብ ነው። በ1944 ፍሪትስ ሃይደርና ማሪያን ዚመል የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር ሁለት ሦስት ማዕዘንና አንድ ክብ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱበትን አጭር ፊልም ሠርተው ለተማሪዎች አሳዩ። ያዩትን እንዲጽፉ ከታዘዙት 34 ተማሪዎች መካከል ከአንዲቱ በቀር ሁሉም ስለ ሕያዋን ጠብና ሽሽት ጻፉ እንጂ ስለ ማዕዘን አልጻፉም። ተራኪ በሌለበት እንዲህ ከሆነ፥ የለሰለሰ አንደበት ያለው ተራኪ ሲጨመርበት የሰው ልብ ምንኛ ይማረክ!

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚህ ነው። በዛሬው ዘመን ለጠየቃቸው ሁሉ እንደ ሰው አሰካክተው የሚመልሱ፥ የሚያጽናኑና የሚመክሩ የሚመስሉ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በየቢሮውና በየቤቱ ገብተዋል። ለአራት ማዕዘን ልብ የሰጠ ሰሚ፥ ለተናጋሪ መሣሪያ ሥልጣንም ታማኝነትም ለመስጠት አይዘገይም። ስለዚህ ደብዳቤ የሚመረምር ሹምም ሆነ ጥያቄ የሚቀርብለት መምህር፥ የቃሉን ጣዕም ብቻ አይቶ ከመቀበል ይልቅ፥ ይህን የሚናገር ማን ነው፥ ስለ ተናገረውስ የሚጠየቅ ማን ነው ብሎ መመርመር ይገባዋል። የባትልብሎክ ቀልደኛ ተራኪና የስታንሊ ቍጡ ተራኪ በዚህ ረገድ ይመሰገናሉ፤ ተራኪ መሆናቸውን ገልጠው ሰሚውን ያስጠነቅቁታልና።

ጨዋታ ሁሉ ጊዜ ይበላል፤ መጠን ካለፈም ከሥራና ከትምህርት ያናጥባል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዚህ ጨዋታ የሚገኘው ትምህርት ሊናቅ አይገባውም። አንዱ አንደበት ሕያው ተጫዋች ምርኮኛ መስሎ እንዲሳቅበት አደረገ፤ ሌላውም ነፍስ የሌለውን ማዕዘን ወዳጅ አደረገ። የሁለቱም ዝላይ ያው ዝላይ ነው፤ የለየው ትረካው ነው። እንግዲህ ስለ ማዕዘን የተነገረ ቃል ይህን ያህል ከሠራ፥ ስለ ሕያው ሰው የሚነገርና የሚጻፍ ቃል ምን ያህል እንደሚሠራ ማስተዋል አያዳግትም። የባልንጀራውን ሥራ ለመንገር አፉን የሚከፍት፥ ወይም ብዕሩን የሚያነሣ ሁሉ፥ ተራኪ መሆኑን ይወቅ፤ አውቆም በእውነትና በርኅራኄ ይንገር።