«ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል»

ጠዋት እግር ይዞ የሚያለቅስን ልጅ «ማታ ከረሜላ ይዤልህ እመጣለሁ» ብሎ ሹልክ ማለት የብዙ ወላጅ ዘዴ ነው። ማታ ባዶ እጃችንን ስንገባ «ልጅ አይደል፣ ረስቶታል» እንላለን። ስለ ልጅና ስለ ቃል ከምናምናቸው ነገሮች ሦስቱን በጥናት ከተገኘው ጋር እናስተያይ።

አመለካከት 1፦ «ልጅ የነገሩትን ሁሉ ያምናል።»

እውነታው፦ ያምናል፤ ግን ያጣራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ሁለት ሰዎች የታወቁ ዕቃዎችን ስም ሲጠሩ ሰሙ። አንዱ በትክክል ይጠራል፤ ሌላው ይሳሳታል። ቀጥሎ ልጆቹ የማያውቁት ዕቃ ቀረበ፤ ሁለቱ ሰዎችም የተለያየ ስም ሰጡት። ማን እንደተሳሳተ የለዩት ልጆች ትክክለኛውን ሰው አመኑ።

አመለካከት 2፦ «መጠበቅ ያቃተው ልጅ ትዕግሥት የለውም።»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ልጆችን «አሁን ከሆነ አንድ፣ ከጠበቅህ ግን ሁለት ጣፋጭ» እያለ መፈተን ጀመረ። ፈተናው ለረጅም ጊዜ ራስን የመግዛት መለኪያ ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የሴለስት ኪድና የባልደረቦቿ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆናቸው 28 ልጆች በመጀመሪያ የተሻለ የሥዕል ቀለም እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው። ለግማሾቹ መጣ፤ ለቀሩት «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል ከተጠበቀላቸው 14 ልጆች 9ኙ 15 ደቂቃውን ሙሉ ጠበቁ። ቃል ከታጠፈባቸው 14 የጠበቀው 1 ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ልጆቹ ከገጠማቸው ተነሥተው አስልተዋል።

አመለካከት 3፦ «ለማባበል የሚነገር ውሸት ጉዳት የለውም።»

እውነታው፦ በሳን ዲየጎ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ላይ አንዲት ተመራማሪ ከ3 እስከ 7 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከፊሎቹን «ወዲያኛው ክፍል ብዙ ከረሜላ አለ» ብላ ለጨዋታ ጠራቻቸው፤ ኋላም መዋሸቷን ነገረቻቸው። በጨዋታው መሀል «አሻንጉሊቱን እንዳታዩ» ብላ ስትወጣ፣ ለትምህርት ቤት ከደረሱት ውስጥ የተዋሹት ካልተዋሹት ይልቅ በብዛት ሰርቀው አዩ፤ ሲጠየቁም ይበልጥ ዋሹ። በትንንሾቹ ላይ ልዩነቱ አልታየም።

እንግዲህ የማይፈጽሙትን ቃል አይግቡ። ካልሞላልዎ «ዛሬ አልቻልኩም» ብለው ምክንያቱን ይንገሩት። ልጅዎን «ትዕግሥት የለህም» ብለው ከመቆጣትዎ በፊትም፣ በዚህ ሳምንት ከገቡለት ቃል ስንቱን እንደፈጸሙ ይቁጠሩ።