እምቦጭን ለማጥፋት የአረባቡን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖረው ገበሬ እምቦጭ የተባለውን መጤ አረም ለማጥፋት ያላደረገው ጥረት የለም። አረሙ በሐይቁ ላይ መኖሩ በ2011 እ.ኤ.አ. ከተረጋገጠ ወዲህ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በጎንደር ዙሪያና በደምቢያ ወረዳዎች የሚገኘው ሕዝብ ከእርሻ ሥራው ጊዜ እየቀነሰ፣ ውኃ ውስጥ እየገባ አረሙን በእጁ ሲነቅል ቆይቷል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተካሄደው የአንድ ወር ዘመቻም የዚሁ ጥረት አንዱ ክፍል ነበር። ሆኖም የጸዳው ቦታ ብዙ ሳይቆይ እንደገና አረንጓዴ ሲለብስ መታየቱ ብዙዎችን ተስፋ ማስቆረጡ አልቀረም።

የዚህ ምክንያቱ የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም። የአረሙን አረባብ ሳያውቁ መዝመት ጉልበትን ያባክናል። ከዚያም አልፎ አረሙን ራሱን የሚያባዛበት ጊዜ አለ። ሥራውን የሚመሩት፣ የሰው ኃይል የሚመድቡትና ከየት እንደሚጀመር የሚወስኑት የማኅበር መሪዎች በመሆናቸው ይህን ጠባይ ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል።

ሰርዶን የሚያውቅ ይህን አይስተውም

የእምቦጭ አረባብ ለገበሬው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰርዶን ሁሉም ያውቀዋል። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፣ በየአንጓው ቅጠል ያወጣል። ማረሻ ሲቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በዚህም የተነሣ ገበሬው የሰርዶን ማሳ በበጋ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ ያሰጣዋል እንጂ በእርጥበት ወቅት ቆራርጦ አይተወውም። በጣና ዳር የሚበቅለው፣ ለታንኳ መሥሪያ የሚውለው ደንገልም እንዲሁ ነው። ብዙ መስሎ የሚታየው የደንገል ጫካ ከጭቃው በታች በአንድ ሥር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

እምቦጭም ዘር ከማፍራቱ ሌላ በዚሁ መንገድ ይራባል። እናቲቱ ተክል በውኃው ላይ ቀጭን ሐረግ ትዘረጋለች። በሐረጉ ጫፍ ልጅ ተክል ይበቅላል። ልጁም ብዙ ሳይቆይ የራሱን ሐረግ ይዘረጋል። ምግብና ሙቀት በበቂ ካገኘ አረሙ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዛሬ አንድ ጥማድ የሸፈነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ጥማድ፣ ከወር በኋላ አራት ጥማድ ሸፈነ ማለት ነው።

የሞላው ለጎደለው ያካፍላል

እናትና ልጅን የሚያያይዘው ሐረግ መያዣ ገመድ ብቻ አይደለም። ምግብ የሚተላለፍበት ቦይ ጭምር ነው። እናቲቱ በቅጠሏ ያዘጋጀችው ምግብ በሐረጉ በኩል ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ ምግብ በጎደለበት ውኃ ላይ ቢያርፍም፣ ጥላ ቢያጠላበትም፣ እናቱ በለማ ቦታ ላይ እስካለች ድረስ ችግሩን ይወጣዋል። አንዱ ቦታ ሞልቶ ሌላው በጎደለበት አካባቢ ይህ ዓይነቱ ተክል ከሌሎች ይልቅ የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የአገሩም ተክል እንዲህ የሚረዳዳ ከሆነ መጤው ለምን ያሸንፋል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ በቻይና አገር የተደረገ አንድ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ አምስት መጤ ተክሎችን ከአምስት የአገሩ የቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር አጣምረው አበቀሉ። ከያንዳንዱ ዓይነት ገሚሱን እንደተያያዘ ተዉት፣ የገሚሱን ማያያዣ ቆረጡት። ብርሃኑን፣ የአፈሩን ምግብና ውኃውንም ሆን ብለው አበላለጡ። በመጨረሻ ሲታይ እንደተያያዙ የቆዩት ሁሉ፣ መጤም ሆነ የአገር፣ ከተቆረጡት የተሻለ አደጉ። ይሁን እንጂ ከመያያዙ ይበልጥ የተጠቀሙት መጤዎቹ ሆነው ተገኙ። በዚህም መሠረት ለመጤ አረም መስፋፋት አንዱ ምክንያት መረዳዳትን ከአገሩ ተክል አብልጦ መጠቀሙ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል። በእምቦጭ ላይ ደግሞ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ በመሆኑ እዚያ የሚበሉት ነፍሳት በጣና አብረውት አለመምጣታቸው ተጨምሮበታል።

ጣና ሁሉም ቦታው እኩል አይደለም

ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ ከየደጋው ጠርገው ያመጡትን ለም አፈር፣ እበትና ማዳበሪያ በየመግቢያቸው ያራግፋሉ። እነዚህ ቦታዎች ለእምቦጭ የተዘጋጁ ማዕዶች ናቸው። መካከለኛው ሐይቅ ግን በምግብ የደኸየና ማዕበል የሚበዛበት ነው።

ከዚህም ሌላ የሐይቁ ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ከኅዳር ወዲህ እየሸሸ ይሄዳል። ገበሬው ሽንብራና ጓያ የሚዘራበት የባህር ሸሽ መሬት የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። እምቦጩም ውኃው ሲሸሽ ጭቃ ላይ ቀርቶ ሥሩን መሬት ውስጥ ይተክላል። ጭቃ ውስጥ የቀረው ዘሩም ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል አመቺ ጊዜ ሲያገኝ ይበቅላል። በዚህ ሁኔታ ገበሬው የእርሻ መሬቱን፣ ከብቱ ግጦሹን፣ አሳ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበትን ውኃ ያጣሉ።

ቦታው ለአረሙ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የግድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንዱን ነቅሎ ሥሩን መመልከት ይበቃል። በምግብ በበለጸገ ውኃ ላይ ያለው እምቦጭ ሥሩ አጭር፣ ቅጠሉ ትልቅ ነው። በደኸየ ውኃ ላይ ያለው ደግሞ ምግብ ፍለጋ ረጅም ሥር ይሰድዳል። እንደዚሁም በጠርዝ በኩል ያለው፣ ቅጠሉን የሚሸከመው አገዳ አጭርና እንደ ፊኛ የተነፋ ነው። መካከል ላይ ተጨናንቆ ያለው ግን አገዳው ቀጥ ብሎ ይረዝማል። ባለ ፊኛው ወደ ባዶው ውኃ የሚገሰግሰው ግንባር ቀደም መሆኑ ነው።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ኃይልን በየቦታው ከመበተን ከማዕዱ መጀመር። ሥሩ አጭር በሆነበት፣ ወንዝ በሚገባበት ቦታ ያለው እናት አረም ሳይነካ ራቅ ያለውን ማጽዳት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ውስጥ አለመቆራረጥ። የተቆረጠ ሐረግ ከእናቱ የሚያገኘው ምግብ ቢቋረጥበትም፣ ሥር የያዘው ልጅ በንፋስና በማዕበል ተገፍቶ ንጹሕ ዳርቻ ላይ አዲስ ጎጆ ይቀልሳል። ስለዚህ አረሙን ከጠርዝ ወደ ዳር እየሰበሰቡ ከነሥሩ ማውጣትና የተበተነውን ቁራጭ የሚለቅም ሰው ለይቶ መመደብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የወጣውን አረም ውኃው ሲሞላ ከሚደርስበት ወሰን በላይ መከመር። ከ100 ኪሎ እምቦጭ ውስጥ ከ90 ኪሎ የማያንሰው ውኃ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ተሰጥቶ ቢጠወልግ ለሸክም ይቀላል። ዳር ላይ የተተወ ክምር ግን በሚቀጥለው ሙላት ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

አራተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ መመለስ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ታላቅ ዘመቻ ይልቅ ጥቂት ሰዎች በተራ እየተመደቡ ሳያበብ የሚለቅሙት ይበልጣል። አበባው ለዓይን ቢያምርም የመጪዎቹ ዓመታት ዘር ነው። በባህር ሸሽ መሬት ላይ የሚታየውን ቡቃያም በእርሻ ጊዜ ለቅሞ ማድረቅ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ደንገሉን መጠበቅ። ደንገል ደለልንና ከማሳ የሚታጠበውን ምግብ እያጠለለ ያስቀራል። እሱን መንጥሮ ማረስ ለጊዜው ትንሽ መሬት ቢያስገኝም፣ ለእምቦጩ ማዕዱን ከማስፋት አይቆጠብም።

ስድስተኛ፣ ማዕዱን ራሱን መቀነስ። ይህ የሐይቁ ዳር ገበሬ ብቻ ሥራ አይደለም። በላይኛው ተፋሰስ የሚኖረው ገበሬ እርከን ሲሠራ አፈሩንና ማዳበሪያውን ለሰብሉ ያስቀራል። የታችኛው ወንድሙም ከአረም ይድናል። የላይና የታች ማኅበራት መሪዎች በዚህ ጉዳይ አንድ ላይ መመካከር ይኖርባቸዋል።

በሌላ አገር ነፍሳትን በማሰማራት የተገኘ ውጤት መኖሩም መታወቅ አለበት። በቪክቶሪያ ሐይቅ የዩጋንዳ ክፍል በ1995 እ.ኤ.አ. እምቦጭ የሚበሉ ትናንሽ ጢንዚዛዎች ተለቀው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ በብዙ ቀንሶ ነበር። ነገር ግን ይህ በምርምር ባለሙያዎች ተጠንቶ በመንግሥት ፈቃድ የሚፈጸም እንጂ ማንም በራሱ የሚሞክረው አይደለም። አረሙም ከዚያ በኋላ በየጊዜው ብቅ ማለቱን አልተወም።

እንግዲህ የእምቦጩ ኃይል ሲመረመር የሚገኘው አንድ ነገር ነው፤ በሞላበት ያለው በጎደለበት ላለው ያካፍላል። ገበሬውም ከዚህ የተለየ መድኃኒት የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጉልበት ያለው ጉልበት ለጎደለው፣ የላይኛው ማኅበር ለታችኛው እየደረሰ፣ በዕቅድና በተራ ከሠራ አረሙን በልጦ መገኘት ይችላል።